አንደኛ የወጣው ማሳ

በሰንጠረዡ ላይ የዓምዱን ራስ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያሳሳተኝ ሰው የለም፤ ኮምፒዩተሩም አልተሳሳተም። እንግሊዝኛውን ሰርዤ በአማርኛ «ውጤት» ብዬ የጻፍኩት፣ ከጎኑም «ደረጃ» የሚል ሌላ ዓምድ የጨመርኩት እኔው ነኝ። ያን ዕለት ወረቀቱን ከማተሚያው ሳነሳው ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ሥራዬ እንጅባራ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን በስታቲስቲክስ የያዝኩት እኩዮቼ ልጅ በሚድሩበት ዕድሜ ነው። አላስተምርም፤ የተመራማሪዎችን መረጃ አጸዳለሁ፣ አስተካክላለሁ፣ አሰላለሁ። ሰው ግን «መምህርት» ይለኛል፤ እኔም አይደለሁም ብዬ እስከ ዛሬ አርማለሁ።

በእኛ አገር ዲከረንስ ያልተከለ ገበሬ ጥቂት ነው። ዛፉ በሐምሌ ይተከላል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ይቆረጣል፣ እዚያው ማሳው ላይ ከሰል ይሆናል፤ መሬቱም ተመልሶ ይታረሳል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን በሽታ ገባበት። ቅጠሉ ላይ የቆርቆሮ ዝገት የመሰለ ዱቄት ይታያል፣ ጫፉ ይጨማደዳል፣ ከዚያ ዛፉ እንደቆመ ይደርቃል። አንዱ ማሳ በጥቂት ወር ሲያልቅ የጎረቤቱ ምንም ሳይሆን ይከርማል። እና ገበሬው የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሁን ልቁረጠው ወይስ ይቆይ? ከቸኮለ የሚያገኘው ቀጭን እንጨት ነው። ከዘገየ ደግሞ የደረቀ ዛፍ ታቅፎ ይቀራል፤ ከሰል አክሳዮች አይፈልጉትም፣ የክረምቱም እርሻ ያመልጠዋል።

አንድ ተመራማሪ ብዙ ማሳዎችን በየወሩ እየዞረ መዝግቦ ነበርና ከዚያ መዝገብ የማሳን ዕጣ የሚገምት የኮምፒዩተር ስሌት፣ እኛ ሞዴል የምንለውን፣ ሠራን። የዚህ ዓይነቱ ሞዴል ጉዳዩ ዕድሜ ነው፤ ዛፉ ስንት ወር ቆመ፣ መቼ ደረቀ። ሳይደርቅ የተቆረጠ ማሳም አለ። እሱ ቢተው ኖሮ መቼ ይደርቅ እንደነበር ማንም አያውቅም። እንዲህ ያለውን ከመዝገብ አናወጣውም፣ እንደ ደረቀም አንቆጥረውም፤ «እስከዚህ ወር ቆሞ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ አናውቅም» ብለን እንይዘዋለን። ይህን ስሌት የወደድኩት ለዚህ ነው። የማያውቀውን አላውቅም ይላል፣ የሚያውቀውንም አይጥልም።

በመጋቢት መጨረሻ ከዘንገና ሐይቅ ዙሪያ የአዳዲስ ማሳዎች ዝርዝር መጣ። ያመጣው የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ነው። ሞተር ሳይክሉ ከሚሄድበት ጊዜ ጋራዥ የሚቆምበት የሚበልጥ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው።

«መምህርት፣ ይቺን ለማሽንሽ አብዪልኝና የሚቆየውንና የማይቆየውን ማሳ ለይቶ ይስጠኝ።»

«መምህርት አይደለሁም።»

«እሺ፣ መምህርት።»

ለተሠራ ሞዴል አዲስ መረጃ መስጠት ላየው ሰው ቀላል ነው። ሞዴሉ ተቀምጧል፤ አዲሱ ፋይል ይሰጠዋል፤ ለእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ቁጥር ያወጣል። በዚህ ጊዜ አዲስ ነገር አይማርም። ከድሮዎቹ ማሳዎች ያወቀውን ይዞ አዲሶቹን ይመዝናል እንጂ። ስለዚህ አዲሱ ፋይል በድሮው ፋይል ቋንቋ መናገር አለበት። የዓምድ ስም በአንድ ፊደል ቢለይ «አላውቀውም» ብሎ ይቆማል። ይህ ደግ ነው። የሚያስፈራኝ ሳይጠይቅ የተቀበለው ነገር ነው።

የዛፎቹ ዕድሜ የተጻፈው ገበሬዎቹ እንደተናገሩት በክረምት ነበር፤ ሁለት ክረምት፣ ሦስት ክረምት እየተባለ። አንድ ባልደረባዬ ሊያግዘኝ ብሎ ሁሉንም በአሥራ ሁለት አባዝቶ ወደ ወር ቀየረልኝ። ሞዴሉ ይህን ቢሰጡት ያለ አንዳች ቅሬታ ይቀበለው ነበር። እኔ ግን የገበሬ ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ ዛፉ የተተከለበት ክረምት ራሱ ይቆጠራል። በሐምሌ የተተከለ ዛፍ በዚያው በነሐሴ «አንድ ክረምት» ነው። ሦስት ክረምት ያየ ዛፍ በመጋቢት ሠላሳ ሁለት ወሩ ነው እንጂ ሠላሳ ስድስት አይደለም። አራት ወር ደግሞ ለታመመ ዛፍ ብዙ ነው። አንድ በአንድ መልሼ አሰላሁት። አንዳንዱ ላይ የአፈሩ ዓይነት በአዊኛ ተጽፏል፤ ሞዴሉ የሚያውቀው ቀይ፣ ጥቁርና ቡናማ ብቻ ስለሆነ እነሱንም በየቀለማቸው መደብኳቸው። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ቢሆን «ሌላ» ብሎ ያልፋቸው ነበር ብዬ በልቤ ኮራሁ።

ፕሮግራሙ ምን ዓይነት ቁጥር እንዲያወጣ ያስመርጣል። ማሳው እስከዚህ ወር ቆሞ የመገኘት ዕድሉን አውጣ ማለት ይቻላል። ወይም ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ያለበትን ስጋት አውጣ ማለት ይቻላል። ለማወዳደር ይመቻል ብዬ ሁለተኛውን መረጥኩ። በዚህ ቁጥር ሲበዛ ይከፋል፤ ትልቁን ቁጥር ያገኘ ማሳ ቀድሞ ይደርቃል ተብሎ የሚፈራለት ነው። ከትልቅ ወደ ትንሽ ደረደርኩት። ከላይ ያለውን «1» አልኩት። ከዚያ የዓምዱን ራስ ወደ አማርኛ መለስኩ።

ለምን «ውጤት» እንዳልኩት አሁን አውቀዋለሁ። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ጉልበቴ ዴስኩ ሥር አይገባም ነበርና ወደ ጎን ዞሬ ነበር የምቀመጠው። ቤታችን የሚነገረው አዊኛ ስለሆነ አማርኛን ያገኘሁት ከሰሌዳ ላይ ነው፤ አብዛኛውን ቃል የሰማሁት ካነበብኩት በኋላ ነው። በመጀመሪያው ካርዴ ላይ ቀይ እስክሪብቶ የነካቸው ሁለት ቃላት ነበሩ፤ ውጤትና ደረጃ። አባቴ ፊደል አይለይም፤ ካርዱን ገልብጦ ይዞ «ስንተኛ?» አለኝ። «አንደኛ» አልኩት። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ከመሬት ግብር ደረሰኞቹ ጋር አስቀመጠው። ጎረቤታችን ግን በአጥር ላይ ተንጠራርታ «የደረሰች ጊደር ጥጃዎቹን ገፍትራ አንደኛ ወጣሁ ትላለች እንዴ?» ብላ ሳቀች። እውነቷን ነበር። ቢሆንም ሁለቱን ቃላት ከዚያ ቀን ጀምሮ እወዳቸዋለሁ። ከእነሱ የተሻለ የሚታመን ቃል ያለ አይመስለኝም ነበር።

ዝርዝሩን በሰጠሁ በሰባተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ከልማት ሠራተኛው ጋር መናኸሪያው አጠገብ ተገናኘን። ገና ከሩቅ መጮህ ጀመረ።

«መምህርት! ቀበሌው በሙሉ እየመረቀሽ ነው!»

«በምን ምክንያት?»

«በውጤቱ ነዋ! ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ለጠፍኩት። አንደኛ የወጡት እማማ እልልታውን አቀለጡት። መጨረሻ የወጣውን ጎረቤታቸውን ደግሞ ሰዎች ‹ኧረ ከጎንህ ብትኮርጅ ምን ነበረበት?› እያሉት መውጫ መግቢያ አሳጡት።»

«ቆይ። አንደኛ ማለት ምን ማለት ነው አልካቸው?»

«አንደኛ ነዋ። ውጤቱ ከፍ ያለ። የማይደርቅ።»

«ተገላቢጦሽ ነው» አልኩት።

«ምኑ?»

«አንደኛው ቀድሞ የሚደርቀው ነው። የሚቆየው መጨረሻው ነው።»

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ግራና ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንዲያ ከሆነ ለምን ውጤት አልሽው?» አለኝ።

 ያን ትቼ እማማ ምን እንዳደረጉ ጠየቅኩት። ከሰል አክሳዮቹ ቀድመው የተነጋገሩት ከእሳቸው ጋር ነበር። ዝርዝሩ ሲለጠፍ «የኔ ይቆያል» ብለው መለሷቸው። አክሳዮቹም ወደ ጎረቤትየው ማሳ ዞሩ፤ እሱ መጨረሻ የወጣው ነው። ከትናንት ጀምሮ እየቆረጡ ነው። ነገ ጨርሰው ወደ ጫግኒ ይወርዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ክረምቱ ሳይገባ የሚመለስ ቡድን የለም።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። መቆየት የሚችለው ማሳ እየተቆረጠ ነው፣ መቆረጥ ያለበት ቆሟል። እማማ ባል የሞተባቸው፣ ሁለት ቃዳ፣ ግማሽ ሄክታር ያህል፣ መሬት ያላቸው ሴት ናቸው፤ ሁለቱም ቃዳ ዲከረንስ ነው። ዛፉ ቆሞ ከደረቀ እንጨቱም የለም፣ ጤፍ የሚዘሩበትም መሬት አይኖራቸውም።

«ደውልላቸው» አልኩት።

«ኔትወርክ ከጠፋ ስንት ቀኑ ነው።»

«ሞተርህስ?»

«እሱንማ አትጠይቂኝ።»

ቢሮ ሄጄ ማስፈቀድ ነበረብኝ። አላስፈቀድኩም። ባጃጅ ይዘን መንገዱ እስኪያልቅ ሄድን፤ ከዚያ በእግር ገባን። ልማት ሠራተኛው በመንገድ ላይ ሊያጽናናኝ ሞከረ። «ወረቀቱን እኔ አንስቼ በስተኋላ ‹ተሻሽሏል› ብዬ ሌላ እለጥፋለሁ፤ ሰው ማን እንደጻፈው አይጠይቅም» አለኝ። ሰው ባይጠይቅም እኔ እናገራለሁ አልኩት። 

የመጥረቢያው ድምፅ ቀድሞ ተሰማን። ሦስት ሰዎች ጎረቤትየው ማሳ ላይ ናቸው፤ ግማሹ ወድቋል። ባለቤቱ ቅርንጫፍ እየጎተተ ነበር። ከልማት ሠራተኛው ቀድሜ ሄጄ ነገርኩት፤ የጻፍኩት ቃል ስህተት እንደሆነ፣ የእሱ ማሳ ከሁሉም የተሻለ እንደሆነ፣ ቢያንስ የቀረውን እንዲያቆመው። ቅርንጫፉን ሳይለቅ አየኝ።

«መጨረሻ ነህ አልሽኝና ቆረጥኩ። አሁን ደግሞ አንደኛ ነበርክ ልትዪኝ መጣሽ?»

«አዎ።»

«ቆርጬ ስጨርስ ብትመጪ ምን ነበረበት! ቁርጤን አውቄ እቀመጥ ነበር።»

አክሳዮቹን በእጁ አስቆማቸው።  ይቅርታ አልኩት፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ወደቁት ዛፎች ሄደ።

እማማ አጥራቸው ላይ ቆመው ሁሉንም ሲያዩ ነበር። ስጠጋ በሰፊው ፈገግ አሉ።

«ይቺ ናት አንደኛ ያወጣችኝ? ነይ ልሳምሽ!»

ሳሙኝ። ከዚያ በኋላ መናገር የባሰ ከበደኝ። በአዊኛ ነበር የምንነጋገረው፤ በአዊኛ ደግሞ ያ የካርዱ ቃል የለኝም፣ ነገሩን በስሙ ከመጥራት በቀር መሸሻ አልነበረኝም።

«እማማ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የሚደርቅበትን ፍጥነት ነው የሚናገረው። የእርስዎ ትልቅ ነው። ሰው እንዲገባው አድርጌ መጻፍ ሲገባኝ ተሳስቼ ጻፍኩ።»

«እና አንደኛ አይደለሁም?»

«ለመድረቅ አንደኛ ነዎት።»

ልማት ሠራተኛውን አዩት። እሱ ጫማውን አየ። «ይኼስ አንደኛነት ይቅርብኝ» አሉና በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ ፊታቸው ጠጠር አለ። «ይደርቃል ብለሽ ትምያለሽ?»

«አልምልም።»

«ታዲያ ምን ልትሆኚ መጣሽ?»

ጥያቄው ትክክል ነው። ማሳቸው ጉም ከሐይቁ በኩል እየመጣ የሚተኛበት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው፤ ችግኙም ተጠጋግቶ ተተክሏል። ሞዴሉ ያየው ይህን ነው። ቁጥሩን ግን ወደሚጨበጥ ነገር መመለስ ነበረብኝ፤ ቀድሞውንም መጻፍ የነበረብኝ እንደዚያ ነበር። ሁለቱንም እጆቼን ዘረጋሁ።

«እንደ እርስዎ ማሳ ያሉ አሥር ማሳዎች ቢኖሩ፣ ዛሬ ሁሉም ቆመዋል። ክረምቱን አልፈው መስከረም ላይ ቆመው የሚገኙት ሦስት ያህሉ ናቸው። የእርስዎ ከሦስቱ ይሁን ከሰባቱ አላውቅም። ማንም አያውቅም።»

ጣቶቼን እንደ ራሳቸው ጣት ያዙና ሰባቱን አንድ ባንድ አጠፏቸው። «ሰባቱ ይበዛሉ» አሉ። ወደ ቅርቡ ዛፍ ሄደው ቅጠሉን ገለበጡ፣ በአውራ ጣታቸው ጠረጉት። ጣታቸው ቢጫ ሆነ።

«ይኼን ካየሁት ሰነበትኩ። እኔም እኮ ልቆርጠው ነበር። ወረቀቱ ‹አንደኛ ነሽ› ሲለኝ ዓይኔን ትቼ ወረቀቱን አመንኩ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ላይ ስቀመጥ ይህ ንግግራቸው አብሮኝ ይቀመጣል።

አክሳዮቹን ለመመለስ ቀላል አልነበረም። አለቃቸው መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ «እማማ፣ ባለፈው አባረሩን፣ አሁን ኑ ይሉናል። እኛ የናንተን ደረጃ ስንጠብቅ ቀናችን አለቀ። ነገ ጫግኒ ሰው ይጠብቀናል» አለ።

«ቀድሜ የተነጋገርኩህ እኔ አይደለሁም?»

«ነዎት፤ መልሰውናል እኮ!»

«የመለስኩህ በዚች ልጅ ወረቀት ነው። እሷ ደግሞ ‹ተሳስቻለሁ› ብላ ይኸው ቆማለች። አንተ በዕድሜህ ተሳስተህ አታውቅም?»

ሰውየው ጓደኞቹን አየ። እነሱ ቀድመው መሳቅ ጀምረዋል። ሁለት ቀን ብቻ፣ አሁኑኑ ከጀመርን ብቻ፣ ቅርንጫፍ የሚጎትት ሰው ከጨመራችሁ ብቻ ብሎ ተስማማ። ልማት ሠራተኛው ጃኬቱን አወለቀ። እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ። በዘጠኝ ሰዓት ገደማ የመጀመሪያው ዛፍ ወደቀ።

ከላይ እስከ ታች በአጥሩ ጥግ ያለው መስመር ላይ ሲደርሱ እማማ እጃቸውን አነሱ። «ይኼን ረድፍ ተዉት።»

«ለምን?» አለ አለቃው። «ወይ ይቆረጣል ወይ አይቆረጥም እንጂ።»

«ልጅቷ ከሦስቱ ይሁን ከሰባቱ አላውቅም አለች አይደል? ሁሉንም ከቆረጥነው ማን ሊያውቅ ነው?»

እኔ ይህንኑ ነገር በመጽሐፍ ለመረዳት አንድ መንፈቅ ፈጅቶብኛል። እሳቸው የሰሙት በዚያው ቀን ነው።

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ለኃላፊዬ ያለ ፈቃድ መሄዴንም፣ ስህተቴንም በጽሑፍ አቀረብኩ። ከዚያ ፋይሉን ከፈትኩ። «ደረጃ»ን ሙሉ በሙሉ አጠፋሁት። በ«ውጤት» ፋንታ ከአሥር ማሳ ስንቱ ክረምቱን ቆሞ ያልፋል የሚል ዓምድ ገባ። ስሌቱ አንድ ነው፤ ሞዴሉ አልተነካም፤ አዲሱ መረጃም ያው ነው። የተለወጠው ለሰው የሚነገርበት አፍ ብቻ ነው። ስጨርስ ልማት ሠራተኛውን አስጠርቼ ወረቀቱን አስያዝኩት።

«አንብብልኝ።»

«ማንበብ እንደምችልማ ታውቂያለሽ።»

«ለእማማ እንደምትናገረው አድርገህ ንገረኝ።»

ሁለት ጊዜ ተሳሳተ፣ ሁለት ጊዜ ወረቀቱን አስተካከልኩት። በሦስተኛው ልክ ተናገረ። «አሁን ስንተኛ ወጣሁ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ አልሳቅኩለትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ተቀባዩ በራሱ ቃል መልሶ ሳይነግረኝ ከእጄ የሚወጣ ዝርዝር የለም። ባልደረቦቼ አድራቂ ይሉኛል። ይበሉኝ።

ዝርዝሩ ላይ ያለውን ቤት ሁሉ ከልማት ሠራተኛው ጋር በእግር ዞርን። ሦስት ቀን ወሰደብን። በየቤቱ የማለባብሰው ነገር አልነበረኝም፤ «የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ተገልብጧል፣ ትክክሉ ይህ ነው» እያልኩ አስረዳሁ። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ ውሃ ሰጠኝ፤ አንዲት ሴት «እኔስ መጀመሪያም አላነበብኩት» ብላ አሳረፈችኝ። የእማማ ጎረቤት በሩን ከፍቶ ሰማኝና ዘጋው። የቀረው ግማሽ ማሳው እስካሁን አረንጓዴ ነው። ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ፤ የተቆረጠውንም ግማሽ አየዋለሁ። እሱን በመዝገብ «እስከዚህ ወር ቆሞ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ አናውቅም» ብዬ ነው የያዝኩት፤ ለእኔ ግን ከመዝገቡ ከባዱ ረድፍ እሱ ነው።

የእማማንም ረድፍ አስገባሁት። የዕድሜው ዓምድ ላይ ከተተከለበት ወር አስልቼ ሞላሁ፤ «ደረቀ» የሚለው ዓምድ ላይ በየወሩ «አልደረቀም» እየጻፍኩ ክረምቱ ገባ። በተቆረጠው መሬት ላይ እማማ ጤፍ ዘሩ። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም አልደረቀም። ሞዴሉ ተሳስቶ ይሆን እያልኩ ፈርቼ ነበር፤ የተቆረጠ ዛፍ አይመለስምና።

በጥቅምት ኔትወርክ በነበረበት አንድ ቀን ስልኬ ጠራ። እማማ ነበሩ፤ ከኋላቸው የሰው ድምፅ ይሰማል፣ ጤፉን ሊያጭዱ ሰው ሰብስበዋል።

«ልጄ፣ ያ ረድፍ እኮ ደረቀ። ከታች ጀምሮ ነው። ከላይ አራቱ ብቻ ቆመዋል። ምን ብለሽ ትጽፊዋለሽ?»

«እርስዎ እንዳሉት እጽፈዋለሁ፣ እማማ። ከታች ጀምሮ፣ አራቱ ቆመዋል።»

«ቀኑንም ጻፊ። ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት።»

«እጽፋለሁ።»

«አንደኛ ብለሽ እንዳትጽፊኝ ብቻ!» አሉና፣ ሰዎቹ እየሳቁ ሲጠሯቸው ስልኩን ሳይዘጉ ወደ ጤፋቸው ተመለሱ።